ያገለገለ የመስክ መኪና የኪሎ ሜትርና የይዞታ ምርመራ

ያገለገለ የመስክ መኪና የኪሎ ሜትርና የይዞታ ምርመራ ማለት አንድ ገዢ ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠራና ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ተሽከርካሪ ከመግዛቱ በፊት ምን ያህል እንደተነዳና በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ የሚያጣራበት ሥራ ነው። የመስክ መኪና የሚባለው ብዙውን ጊዜ አራቱም ጎማዎቹ ከሞተሩ ኃይል የሚያገኙ፣ ከመሬት ከፍ ያለና በጠንካራ ሻንሲ ላይ የተሠራ መኪና ነው። ቶዮታ ላንድ ክሩዘር፣ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ኒሳን ፓትሮል፣ ሚትሱቢሺ ፓጄሮ እና ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ከታወቁት መካከል ናቸው።

ገዢዎች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ብለው ነው። ይሁን እንጂ በዳሽቦርድ ላይ የሚታየው ቁጥር በራሱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ቁጥሩ የሚታመነው ከመኪናው ዕድሜ፣ ከሰነዶቹ፣ ከአካሉ ድካምና ከዋለበት ሥራ ጋር ሲስማማ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሌሎቹ ጋር ካልተስማማ ገዢው ምክንያቱን ሳያውቅ ገንዘብ መክፈል የለበትም።

የቆጣሪው አሠራር

የተጓዙትን ርቀት በመሣሪያ መቁጠር ጥንታዊ ሐሳብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሮማ መሐንዲስ ቪትሩቪየስ በሠረገላ ላይ የሚገጠም ርቀት ቆጣሪ በጽሑፉ ገልጿል። ዙሪያው 12 ጫማ ተኩል የሆነ መንኮራኩር 400 ጊዜ ሲዞር ሠረገላው 5,000 ጫማ ወይም አንድ የሮማ ማይል ይጓዛል፤ በዚያን ጊዜ አንዲት ጠጠር ወደ ሣጥን ትወድቃለች። የዛሬው ቆጣሪም በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ይሠራል። ርቀቱን በቀጥታ አይለካም፤ ዙር ይቆጥርና በተወሰነ ቁጥር ያባዛል።

በቀድሞዎቹ መኪኖች ከካምቢዮው በኩል የሚመጣ ገመድ እየተሽከረከረ ቁጥር የተጻፈባቸውን ትናንሽ ጥርሳማ መንኮራኩሮች ያዞራል። ከእነዚህ ቆጣሪዎች ብዙዎቹ አምስት አሃዝ ብቻ ስላላቸው 99,999 ከሞላ በኋላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ስለዚህ 45,000 የሚያሳይ የ30 ዓመት መኪና በእርግጥ 145,000 ወይም 245,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ከተነቀለ ደግሞ መኪናው እየተነዳ ቁጥሩ ይቆማል።

በአዳዲሶቹ መኪኖች አንድ ሴንሰር የመሽከርከሪያውን ዙር ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን እየቆጠረ ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋ የማስታወሻ ቺፕ ላይ ይጽፈዋል። መኪናው በሄደ ቁጥር አዲስ ቁጥር መጻፍ ስላለበት ማስታወሻው ሊጻፍበት የሚችል መሆን ግድ ነው። መሣሪያው ያለው ሰው ሌላ ቁጥር ሊጽፍበት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዲጂታል ቆጣሪ ከሜካኒካሉ ይልቅ የሚታመን ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በብዙ መኪኖች የኪሎ ሜትሩ ቅጂ በሞተሩ፣ በካምቢዮው ወይም በፍሬኑ ኮምፒዩተር ውስጥም ስለሚቀመጥ አጭበርባሪው አንዱን ቀይሮ ሌላውን ሊረሳው ይችላል።

ቁጥሩ ከእውነቱ የሚለይባቸው ምክንያቶች

ሆን ብሎ መቀነስ፦ የሽያጭ ዋጋን ከፍ ለማድረግ የሚፈጸም ማጭበርበር ነው። ጉዳቱ ከዋጋው ያልፋል። የመኪና ጥገና የሚታቀደው በኪሎ ሜትር ስለሆነ ቁጥሩ ሲቀነስ የጥገናው ጊዜም አብሮ ይሰወራል። ለምሳሌ በላንድ ክሩዘር ላይ በሰፊው የሚታወቀው 1ኤችዜድ የተባለው ባለ 4.2 ሊትርና ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ አለው። የመቀየሪያው ጊዜ ያለፈበት ቺንጋ በጉዞ ላይ ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጩና ሞተሩ ይሰበራል።

የጎማ መጠን መቀየር፦ ይህ በመስክ መኪና ላይ በብዛት የሚያጋጥም ሲሆን ማጭበርበር ላይኖርበት ይችላል። መጠኑ 265/70 ባለ 16 ኢንች የሆነ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለቤቱ በምትኩ 285/75 ባለ 16 ኢንች ቢያስገባ ርዝመቱ ወደ 834 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ጎማው በአንድ ዙር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ርቀት ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም። በዚህ ጎማ የተነዳ መኪና 100,000 ሲያሳይ በእርግጥ የሄደው 107,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ማይልና ኪሎ ሜትርን ማምታታት፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና የሚቆጥረው በማይል ነው። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 100,000 ማይል ማለት ወደ 161,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ያላየ ገዢ ከሦስተኛው እጅ በላይ የሆነውን ጉዞ ሳይቆጥር ይቀራል።

የዳሽቦርድ ቆጣሪ መለወጥ፦ ቆጣሪው ተበላሽቶ በሌላ ከተተካ አዲሱ የሚያሳየው የራሱን ቁጥር ነው። ይህ ሕጋዊ ጥገና ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተለወጠበት ቀንና የቀድሞው ቁጥር በጽሑፍ መኖር አለበት።

ኪሎ ሜትር ብቻውን የማይናገረው

ሁለት መኪኖች እኩል 150,000 ኪሎ ሜትር ሄደው ይዞታቸው እጅግ ሊለያይ ይችላል። በአስፋልት ላይ በተረጋጋ ፍጥነት የተነዳ መኪና ሞተሩም ካምቢዮውም ብዙ አይጨነቁም። በኮረኮንች፣ በአሸዋና በወንዝ ውስጥ፣ በዝቅተኛ ማርሽና ጭነት ተሸክሞ የተነዳው ግን በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ብዙ እጥፍ ይደክማል። አቧራ የአየር ማጣሪያውን ያልፍና ሲሊንደሩን ይበላል፤ ኮረኮንች ባሌስትራውንና የሻንሲውን ብየዳ ያላላል።

በዚህ ምክንያት ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ጠቃሚ መረጃ ነው። አንዳንድ መኪኖች ይህን የሚቆጥር መሣሪያ አላቸው። 100,000 ኪሎ ሜትር በ2,500 ሰዓት የሄደ መኪና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህንኑ ርቀት በ5,000 ሰዓት የሄደው ግን አማካይ ፍጥነቱ 20 ብቻ ነው፤ ይህም ማለት ብዙ ጊዜ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ወይም በጭቃ ሲጎተት ኖሯል። ኪሎ ሜትራቸው እኩል ቢሆንም ሁለተኛው ሞተር እጥፍ ሰዓት ሠርቷል።

ዝቅተኛ ኪሎ ሜትርም ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ለዓመታት ቆሞ የኖረ መኪና የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፤ ፍሬኑ ይዝጋል፤ ነዳጁ በታንከር ውስጥ ይበላሻል። በየጊዜው ዘይቱ እየተቀየረለት 250,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ላንድ ክሩዘር ያለ ጥገና 90,000 ከሄደው የተሻለ ግዢ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩን ማመሳከር

የመጀመሪያው ማመሳከሪያ ቀላል ስሌት ነው። 60,000 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ የ10 ዓመት መኪና በዓመት 6,000፣ በቀን ደግሞ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዷል ማለት ነው። ይህ በከተማ ውስጥ ለሚኖር የጡረታ ሰው መኪና ሊሆን የሚችል ነገር ነው። መኪናው የአስጎብኚ ድርጅት ከነበረ ግን አይሆንም። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ቢመላለስ እንኳ በዓመት ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ስለዚህ «ማን ነድቶት ነበር? ለምን ሥራ?» የሚለው ጥያቄ ከኪሎ ሜትሩ ጥያቄ ጋር አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ማመሳከሪያ ወረቀት ነው። የጋራዥ ደረሰኝ፣ የዘይት መቀየሪያ ምልክትና የዓመታዊ ምርመራ ወረቀት ብዙ ጊዜ ቀንና ኪሎ ሜትር ይጻፍባቸዋል። በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ቁጥሩ ሁልጊዜ እየጨመረ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ከተመለሰ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ዘይት መቀየሪያ ምልክቱ አንዳንድ ጊዜ በኮፈኑ ሥር ወይም በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር ሻጩ ሳያስበው ምስክር ይሆናል።

ሦስተኛው የመኪናው አካል ነው። የፍሪሲዮንና የፍሬን ፔዳል ጎማ፣ የመሪው ቆዳ፣ የማርሽ እጀታ፣ የሹፌሩ መቀመጫ የውጭ ጠርዝና የመስኮት መክፈቻው በአጠቃቀም ብዛት ይላላጣሉ። 50,000 የሚያሳይ መኪና ፔዳሉ እስከ ብረቱ ከተበላ ቁጥሩ አጠራጣሪ ነው። በአንጻሩ በአሮጌ መኪና ውስጥ ፔዳሉ ብቻ አዲስ ከሆነ ለምን እንደተቀየረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጎማ ጎን ላይ የተጻፈው ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም ይረዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳያሉ። 2319 ማለት ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሻጩ «ጎማው ከፋብሪካ የመጣው ነው» ካለ የጎማው ዓመት ከመኪናው ዓመት ጋር መቀራረብ አለበት። መለዋወጫ ጎማውም መታየት ይገባዋል።

የኮምፒዩተር ምርመራ

ኦቢዲ-2 የተባለው የምርመራ ሥርዓት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። በአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳዩ ሥርዓት ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ላይ ርካሽ ማንበቢያ ተሰክቶ መረጃው በእጅ ስልክ ሊነበብ ይችላል።

ገዢው በተለይ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል። አንደኛው የተመዘገቡ የብልሽት ኮዶች ናቸው። ሁለተኛው ኮዶቹ ከተሰረዙ በኋላ የተሄደው ርቀት ነው። ይህ 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ አንድ ሰው በቅርቡ የብልሽት መብራቱን አጥፍቷል፤ ብልሽቱ ግን ሳይጠገን ሊመለስ ይችላል። ሦስተኛው መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች መጠናቀቃቸው ነው፤ ብዙዎቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ይህም የቅርብ ጊዜ ስረዛ ምልክት ነው።

ከተሰረዘ በኋላ የተሄደው ርቀት የተቀነሰ ቆጣሪንም ሊያጋልጥ ይችላል። ይህ ቁጥር የሚቀመጠው በሁለት ባይት ስለሆነ እስከ 65,535 ኪሎ ሜትር ሊቆጥር ይችላል። ዳሽቦርዱ 40,000 እያሳየ ይህኛው 58,000 ካለ፣ የዳሽቦርዱ ቆጣሪ ተቀንሷል ወይም ተለውጧል ማለት ነው፤ መኪናው በጠቅላላ ከሄደው በላይ ከስረዛው ወዲህ ሊሄድ አይችልምና። የዚህ ተቃራኒ ግን ንጽሕናን አያረጋግጥም።

እንደ 1ኤችዜድ ባሉ በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ይህ ምርመራ የሚሰጠው መረጃ ጥቂት ወይም ምንም ነው። እዚያ የሚሠራው ዓይን፣ ጆሮና እጅ ነው።

የአካል ምርመራ

ሻንሲ፦ የመስክ መኪና መሠረት ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይታያል። መኪናው ከፍ ተደርጎ የመሪ ሣጥኑ የታሰረበት ቦታ፣ የባሌስትራና የሾክ አብዞርበር ማሰሪያዎች በባትሪ ብርሃን ይፈተሻሉ። ስንጥቅ፣ አዲስ ብየዳ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቀባ ትኩስ ጥቁር ቀለም ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። የመሪ ሣጥን ማሰሪያ በጉዞ ላይ ቢሰነጠቅ ሹፌሩ መኪናውን መቆጣጠር ሊያቅተው ስለሚችል ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ዲፈረንሻል፦ በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ወደ ቀዝቃዛ ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በማሸጊያው ወይም በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። የዘይቱ መፈተሻ ብሎን ተፈትቶ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በዘይቱ ውስጥ ስብርባሪ ብረት ከተገኘ ጥርሶቹ ተጎድተዋል። በመሪውና በወንበሮች ሥር፣ በምንጣፉ ታችም ደረቅ ጭቃ ከተገኘ መኪናው በውሃ ተጥለቅልቆ ሊሆን ይችላል።

የፊት አክስልና ጎማ፦ ጎማው በክሪክ ከመሬት ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዛወዝ ክፍተት ካለው ኩሽኔታው ወይም የመዞሪያው ማሰሪያ ላልቷል። ከግራና ከቀኝ ተይዞ ሲወዛወዝ የሚታይ ክፍተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያዎችን ያመለክታል። አንድ ወጥ የፊት አክስል ባላቸው ላንድ ክሩዘሮች ከጎማው በስተውስጥ ባለው ክብ ብረት ላይ ዘይትና ግራሶ ተቀላቅሎ ከፈሰሰ የውስጥ ማሸጊያው አልቋል።

ሞተር፦ ገዢው ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቃዛ ቢሆን ይመረጣል፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር የመነሣት ችግሩን ይደብቃል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን፣ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። በራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታው ማሸጊያ ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

የሙከራ ጉዞ

የሙከራ ጉዞው በአስፋልትም በጥርጊያ መንገድም መሆን አለበት። በአስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን መሳብ፣ የማርሽ መዝለል፣ የፍሪሲዮን መንሸራተትና ከሥር የሚመጣ የክሮቸራ ድምፅ ይታወቃሉ።

የአራቱ ጎማ ሥርዓት ግን መሞከር ያለበት በአፈር ላይ ነው። የፊቱንና የኋላውን የሚያለያይ መካከለኛ ዲፈረንሻል በሌላቸው መኪኖች አራቱ ጎማ ተይዞ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲዞሩ ማርሾቹ ይጨናነቃሉ፤ ሊጎዱም ይችላሉ። በአፈር ላይ ከፍተኛውም ዝቅተኛውም ማርሽ መግባትና መውጣት አለበት። የፊት ጎማው በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ቁልፉ መዞሩ ይታያል። ለዓመታት ያልተነካ የአራት ጎማ ማርሽ ብዙውን ጊዜ ተጣብቆ ይገኛል።

በልዩ ልዩ አገሮች ያለ ጥበቃ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቆጣሪን መቀነስ ከልክሏል። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግምት እንደሚያመለክተው በየዓመቱ ከ450,000 በላይ መኪኖች በሐሰተኛ ኪሎ ሜትር ይሸጣሉ። ሞዴላቸው 2011 ወይም ከዚያ በኋላ የሆኑ መኪኖች ሻጭ ለ20 ዓመት ያህል ኪሎ ሜትሩን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

በቤልጅየም ካር-ፓስ የተባለ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይሠራል። ጋራዦችና መርማሪዎች መኪናው በመጣ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን ወደ አንድ ማኅደር ይልካሉ፤ ሻጩም የተመዘገቡትን ቁጥሮች ለገዢው ይሰጣል። የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ ማስረጃው በመኪናው ውስጥ አለመቀመጡ ነው፤ ዳሽቦርዱን የሚቀይር ሰው ማኅደሩን መቀየር አይችልም። በጃፓን ያገለገሉ መኪኖች በጨረታ ሲሸጡ መርማሪ የሞላው ወረቀት አብሮ ይወጣል፤ ኪሎ ሜትሩ፣ የአካሉ ጉዳትና ደረጃው ይጻፍበታል። ከጃፓን የመጣ መኪና ገዢ ይህን ወረቀት ከሻጩ መጠየቅ ይችላል።

በኢትዮጵያ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ ይልቅ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። በነዳጅ የሚሠራ የመስክ መኪና የሚፈልግ ሰው እንግዲህ በአብዛኛው የሚመርጠው ቀድሞ አገር ውስጥ ከገቡትና በአገሩ መንገድ ከቆዩት መካከል ነው። ይህም ምርመራውን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል።

ከቴክኒክ ምርመራው ጎን ለጎን በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ግዢውን ለማቆም በቂ ምክንያት ነው። መኪናው እዳና እገዳ እንደሌለበት ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይጣራል። የዓመታዊ ምርመራ ማለፉ ጥሩ ምልክት ቢሆንም መኪናው በዚያን ቀን ለመንገድ ብቁ እንደነበረ እንጂ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አይናገርም። መካኒኩም በገዢው የተመረጠና ከሻጩም ከደላላውም ጋር ጥቅም የሌለው መሆን ይኖርበታል።

ውሳኔ

ከምርመራው በኋላ ገዢው ሦስት ዓይነት ግኝቶችን ይለያል። የመጀመሪያዎቹ እንደ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋና ሾክ አብዞርበር ያሉ በተፈጥሯቸው የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ተሰልቶ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ሁለተኛዎቹ እንደ ዲፈረንሻልና ቴስታታ ያሉ ከባድ ጥገናዎች ሲሆኑ የጥገናው ግምት በመካኒክ ሳይነገር ድርድር አይጀመርም። ሦስተኛዎቹ የተሰነጠቀ ሻንሲ፣ የተነካካ መለያ ቁጥርና ማብራሪያ ያልተገኘለት የኪሎ ሜትር ልዩነት ናቸው፤ እነዚህን ቅናሽ አያካክሳቸውም።

የመጨረሻው ነገር ከገንዘቡ የተወሰነውን አስቀርቶ መግዛት ነው። የጥገና ታሪኩ በሰነድ ያልተረጋገጠ መኪና እንደተገዛ የሞተሩ፣ የካምቢዮው፣ የትራንስፈሩና የሁለቱም ዲፈረንሻል ዘይት፣ ማጣሪያዎቹ፣ የፍሬን ዘይቱና ቺንጋዎቹ ይቀየራሉ፤ ቀኑና ኪሎ ሜትሩም ይጻፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቱ ትክክለኛ መዝገብ ይኖረዋል፤ መኪናውን በተራው ሲሸጥም ለሚቀጥለው ገዢ የሚያሳየው ማስረጃ ይህ ነው።